የቀዳዳዎች ምስጋና

ከሞንቴቪዴዮ ወደብ ኋላ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ ለፎቅ፣
ሠላሳ ዓመት ሠራሁ፣ የሰው ቧንቧ ስፈታ፣ የሰው ቧንቧ ሳጠብቅ።
ጸሎት ብትሉኝ አላውቅ።
አባቴ ሲሞት እንኳ ቃዲሹን በላቲን ፊደል ጽፈው ሰጡኝ፤
እንደ ዕቃ ዝርዝር አነበብኩት፤ አሜን ብለው ሸኙኝ።

ሐሙስ ጠዋት ደወለች፣ ዶኛ ሄኒያ ከአራተኛው፦
«ሳውል፣ ቶሎ ድረስ፤ ጎርፍ ሆኗል ማጠቢያው!»
የበሯን መዙዛ ነክታ፣ ጣቷን ሳም አድርጋ፣
አስገባችኝ፤ የዘጠና ዓመት ሴት፣ አጥንት ብቻ ያለ ሥጋ።
እንደ ከተማው ሰው ሁሉ የማቴ ቅጠሏን ደፍታ ደፍታ፣
ቱቦው ጥርቅም ብሏል፤ ሳብኩት፤ ወጣ አረንጓዴ ጭቃ፣
ከፀጉር ጋር አንዲት አዝራር ተጎትታ።

እኔ መሣሪያ ስሰበስብ፣ እሷ ሽንት ቤት ገብታ ወጣች፣
እጇን ታጠበች፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፣
ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።
«ምነው፣ አመመሽ?»
«ኧረ እያመሰገንኩ ነው።»
«ምኑን?»
«ቀዳዳዎቼን!» አለች።

ከዚያ ቃሉን ፈታችልኝ፦
ሰውን በጥበብ አበጅቶ፣ በሆዱ ውስጥ መስመር ዘረጋ፤
አንዱ ያለቦታው ቢከፈት፣ አንዱ ያለጊዜው ቢዘጋ፣
ማንም ቆሞ አይውልም፣ ማንም ቆሞ አያነጋ።

ሳቅኩ። «ይሄማ የሙያዬ መመሪያ ነው፤ ግድግዳ ላይ ልስቀለው!»
አልሳቀችም። በመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ጻፈችው፤
«አጭር ነው፤ አፍ አያደክምም፤ ኪስህንም አይከብደው።»

መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። የዳቦ ቤቱ ቱቦ ሲከፈት፣
ደረሰኙን አውጥቼ ለጋጋሪው አነበብኩለት፤
ዱቄታም እጁን አጨበጨበ፣
አንድ ዳቦ ጨመረልኝ፣ ምርቃት።

ከዚያ ለራሴ። በየቀኑ፣ ከበሩ ውጭ፣ እጄ ሳይደርቅ።
ሚስቴ ኖኤሚ «ከማን ጋር ነው የምታንሾካሽከው?» ትላለች ስትስቅ።
ልጄማ «አባዬ ሽንት ቤቱን መረቀው!» ይላል።
ይበል። ግን «ቢዘጋ» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ
አንድ ነገር ይወጋኛል።

ከወንድሜ ከቤርናርዶ ጋር ስድስት ዓመት ተዘጋግተን፣
በአባታችን ሱቅ፣ በሁለት ቁልፍና በአንድ ወረቀት ተጣልተን፣
እኔ የከተማውን ቧንቧ ስከፍት፣ አንድ ስልክ አቅቶን።
ኩላሊቱ መቆሙን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው።

ማክሰኞ ሄድኩ። ማሽኑ አጠገቡ ቆሟል፣ ደሙን በቱቦ ያዞረዋል፤
እንደ ልማዴ መጋጠሚያውን አየሁ፦ አይንጠባጠብም፣ ደህና ታስሯል።
«ምን ታያለህ?» አለኝ።
«ሥራውን።»
«እና?»
«አጥብቀውታል።»

ምስጋናውን ልል ፈለግኩ። አልሆነም። ቃሉ «መቆም አይቻልም» ይላል፤
ወንድሜ ግን ተዘግቶበት፣ ይኸው፣ ካርታ ይበውዛል፣
እንደ ልጅነታችን ያጭበረብራል፤ አይቼ ዝም እንዳልኩትም ያውቃል።

ለዶኛ ሄኒያ ነገርኳት፦ «ቃልሽ እኮ ስህተት አለበት።»
ብዙ ዝም አለች። «እንግዲያ አንተ ማሽኑን ጨምርበት።
አሁን ያንን ቧንቧ እይልኝ፤ እንቅልፍ ነሣኝ፣
ጠብ ጠብ ሲል ሌሊት።»

ዛሬም ማክሰኞ ነው። ከሆስፒታሉ ሽንት ቤት ወጥቼ፣
ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ እርጥብ እጄን ዘርግቼ።
ከእጄ እርጥበት ብዛት ጽሕፈቷ ለቋል፤ ደረሰኙን ሳገላብጠው፣
የሚነበበው የሆድ መድኃኒቱ ዋጋ ብቻ ነው።
ያም ሆኖ እይዘዋለሁ።
ወንድሜ ከውስጥ ይጣራል፦
«ሳውል፣ ተራህ ነው!»