አሥር ሜትር በአሥር ሜትር

ከደመናው በላይ፣ ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣
ሳተላይቱ ያልፋል፣ ጀሙናን በጨረፍታ ሰርቆ።
በየአምስት ቀኑ አንዴ።
እኔ ዳካ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀለም እቀባለሁ በዘዴ፤
ውሃውን ሰማያዊ፣ አሸዋውን ቢጫ፣ ሩዙን አረንጓዴ።

የሰማንያ ስምንቱን ዳርቻ በቀይ አሰመርኩ፣
የዘንድሮውን በጥቁር አስከተልኩ፤
በመሃላቸው ስንት መስጊድ፣ ስንት ገበያ እንደነበር
ካርታው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ግንቦት ሲያልቅ «ውረጂና አረጋግጪ» ተባልኩ፤
በጀልባ ወደ አሸዋው ደሴት ተሻገርኩ።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤
እዚህ የሚስቅ አላየሁም። ሰዎች ቆርቆሮ ይነቅላሉ።
ሹርጆባን ምሰሶ ትፈታለች፤ ይህ ዐሥራ አንደኛ ቤቷ ነው፤
ሚስማሩን አቃንታ በጣሳ ታኖራለች፣ ለዐሥራ ሁለተኛው።

አማቷ ሞንታጅ ከወንዙ አፋፍ እስከ ደጁ
ቀርከሃ ተክሏል በረድፍ፤
ማታ ማታ ባትሪ ይዞ የቀረውን ይቆጥራል፣ ሳይገድፍ።
«ትናንት ዘጠኝ ነበር፣ ዛሬ ሰባት» አለኝ፤
«ያንቺስ ሰማይ ስንት ይላል? እስቲ ንገሪኝ።»

ታብሌቱን ከፈትኩለት። ቤቱ ከአንዲት ነጥብ ያንሳል፤
አሥር ሜትር በአሥር ሜትር፣
ግማሿ ውሃ፣ ግማሿ ምድር፤
የሚፈቀድላት ግን አንድ ቀለም ነው።
ኮምፒውተሩ «ውሃ» ብሏታል ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ፤
ከውሃው ውስጥ ጭስ ይወጣል፣ ይጮኻል አውራ ዶሮ።

«የአባቴን መቃብር አሳዪኝ» አለ።
ወደ ቀዩ መስመር ወሰድኩት፤
ጣቴን ከወንዙ እምብርት፣ በጀልባ ከመጣሁበት፣ አሳረፍኩት።
ብዙ ዝም አለ። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረሰኝ አወጣ፤
«ግብር ነው። በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ መሬቴ ከውሃ እስኪወጣ።
አርሶ የሚገብር ብዙ ነው፤ እኔ አስበልቼ ነው የምገብረው።»

አገጩን ወደ ማዶ ቀሰረ፦
«እዚያ ያሉት የወንዜ ልጆች ነበሩ ሁሉም፤
ወንዙ መሃላችን ገባ እንጂ፣ እኛ የትም አልሄድንም።»

ዳካ ስመለስ ሰኔ ገብቷል፤ ፎቶው ነጭ ነው ዳር እስከ ዳር፤
ወንዙ ደግሞ የሚሠራው ያኔ ነው፣ ሰማይ ዐይኑን ሲታወር።
ያቺን ነጥብ በእጄ ቢጫ ቀባኋት።
«የመረጃው ምንጭ» በሚለው ሣጥን
ጻፍኩ፦ ቀርከሃ። ሰባት።
ቀኑንም ጨመርኩበት፣
ምክንያቱም ዛሬ ስንት እንደሆነ አላውቅም።