ከደህና በታች

«እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ሙሄ?» ስትል ሰዓዳ፣
ጠባብ ክፍል ውስጥ ነን፣ ከጤና ጣቢያው ጓዳ፤
ግንቦት ነው፤ ኮምቦልቻ ሙቀቷን አልተወች፣
ማራገቢያዋ ትጮኻለች እንጂ ነፋስ አልሰጠች።
«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩ እንደ ልማዴ፤
ደረቴ ሲያፏጭ ግን ተሰማብኝ ጉዴ።

አልጻፈችም። ቀና ብላ አየችኝ።
«ደህና የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለኝም» አለችኝ።
«ከዜሮ እስከ አስር፣ በቁጥር ይንገሩኝ፤
ሌሊት ስንቴ ተነሱ? እውነቱን፤ አይፈሩኝ።»

ቁጥርስ አውቃለሁ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ
በጨርቃ ጨርቁ ቤት ቦቢኖች ሲሞሉ
ስቆጥር ኖሬያለሁ። ግን ስንት እንደሆን ጥጡ
በአፍንጫዬ ገብቶ የቀረው ከውስጡ
መዝገብ ቤት አልያዘም። ካርዴን አስረክቤ ስወጣ፣
ሳሉን የሚረከበኝ ጠፋ፤ አብሮኝ ወጣ።

«መድኃኒት ልትሰጪኝ ነው?» «አይ ጋሽ ሙሄ፣ አይደለም፤
ይህን ሳል ነቅሎ የሚጥል እስካሁን የለም።
ክፉ ጎረቤት የመጣበት ግን ቤቱን አይሸጥም፣
አጥር ያጥራል። አጥሩን ነው የምናጠናው፤ ተአምር አናመጣም።»

ደብተር ሰጠችኝ፤ ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ፣ አርባ ሰባት፤
ማታ ማታ እንድሞላ፦ ስንት እርምጃ፣ ስንት ትራስ፣ ስንት ስጋት።

ሞላሁ። ግን ወሎዬ ነኝ፣ እንግዳ አላስከፋም፤
በሰው ልጅ ልፋት ላይ ስምንት ብዬ አልጽፍም።
ሰባቱን ሦስት አልኩት፣ ስምንቱን ሁለት፤
ቁልቁል ሄደልኝ በሽታው፣ በወረቀት።

አንድ ቀን መጣችና ቱቦውን አስነፋችኝ፣
ደብተሩን ከፊቴ ዘርግታ ዝም አለችኝ።
«ቱቦው ሌላ ይላል፣ ደብተሩ ሌላ።
ነገ የሚመጣ አለ፣ እርስዎ የማያውቁት፣
አሁን እዚያው ማሽን ሥር ጥጥ እየዋጠ ያለ ወጣት፤
ምን ይሻለኛል ሲል ይህን ወረቀት ነው የሚያዩለት።
እርስዎ ደህና ካሉ፣
እሱን ምን ልንለው ነው?»

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ሌላም ባጃጅ አለፈ።

ለካስ ትሕትና መስሎኝ የዋሸሁት ቁጥር
ከማላውቀው ልጅ ደረት ላይ ነው የሚከመር።

ማታ እስክሪብቶ ይዤ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤
ስምንት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ግን ጻፍኩ።
ከቁጥሩም ጎን፣ ባልተሰመረው የወረቀት ጠርዝ፣
«ሌሊት እፈራለሁ» አልኩ፤ ለዘምዘም እንኳ ያላልኩትን፣ አርባ ዓመት አብረን ስንጓዝ።

ከዚያ ወዲያ ነው ነገሩ የተለወጠ
(ሳሉ የትም አልሄደም፤ እዚያው ነው፣ እንደተቀመጠ)።
ከንፈሬን አሞጥሙጬ፣ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው፣
ቀስ ብዬ መተንፈስ ተማርኩ፤ ትንፋሼን በልክ ልመልሰው።
ዘምዘም ምድጃውን ወደ ጓሮ አወጣች፣
«ለኔም ዓይን በጀኝ» እያለች ሳቀች።
ደረጃ ስወጣ አራት ረግጬ አንዴ አርፋለሁ፤
ድሮ የሚያሳፍረኝን ማረፍ አሁን እንደ ሥራ እሠራለሁ።

የደብተሩ የመጨረሻ ጥያቄ ቁጥር አልነበረም፤
«ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ይላል። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።
ደሴ፣ ሆጤ ላይ፣ ልጄ ሐያት ቤት ሠርታ
ሁለት ዓመት ቀረሁ፤ ሰበብ ስደረድር ጠዋት ማታ።

ጥናቱ ጥር ላይ አለቀ። ደብተሩን ወሰዱት።
እኔም ከሱቅ ሌላ ገዛሁ፤ መስመሩን ራሴ አሰመርኩት።

ባለፈው ሐሙስ ሄድኩ። ሚኒባሱ ሐረጎን ተጠማዞ ሲወጣ
ጭጋግ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፣ ብርዱ ከጦሳ መጣ፤
ፎጣዬን አፌ ላይ አደረግሁ፣ ሰዓዳ እንዳለችው።
ከአስፋልቱ እስከ ሐያት በር ዘጠኝ ጊዜ ቆምኩ፤
የሰፈሩ ሰው ያየኛል፤ ምንም አልደበቅኩ።

«አባ! እንዴት ነህ?» በሩን ከፍታ ስትለኝ
አፌ ለ«ደህና» ተከፈተ፣ ትንፋሼ ቀደመኝ።

«ስድስት» አልኳት።
«ግን ወጣሁት።»