ሰባት ደቂቃ

ግዳንስክ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የወይዘሮ ቦጉሚላ ቤት፤
ኮምፒውተሯ እስኪነቃ ሰባት ደቂቃ ነበረበት።
አዝራሩን ተጭና ትነሣለች፤
የመስኮቷን አበባ ታጠጣለች፤
ከታች ትራሙ ሲያልፍ ቁጥሩን ታነባለች።
ሃርድ ዲስኩ ቆርጠም ቆርጠም ይላል፣ ማሽላ እንዳገኘች አይጥ፤
«ሥራ ላይ ነው» ትላለች፣ ድንቿን ስትልጥ።

እኔ ጠጋኙ ዤሞቪት መጣሁ፣ ብሎኑን ፈታሁ፤
የሚሽከረከረውን አውጥቼ የማይሽከረከረውን አስገባሁ።
አሥራ አንድ ሰከንድ! ጮክ ብዬ ቆጥሬ፣
በዚህ ዕድሜዬ እንደ ጎረምሳ ፎክሬ፣
«አዩ?» አልኳት።
ዝም አለች። ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ አስጠጋች።
«ሞተ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

እውነቱን ልናገር፤ ፎቶው ቶሎ ይከፈታል፣
ጨዋታውም ቶሎ ይነሣል፤
ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው፣
በሰፈሩ አሮጌ ገመድ የሚንፏቀቀው።
ደግሞ ያ ደብዳቤ አለ፣ ለማሞቂያው ድርጅት፣
የበረዶውን ወራት ሙሉ ስለቀዘቀዘው ቧንቧ፣ የእሷ አቤቱታ፤
«ክቡራን ሆይ» ይላል፤ ከዚያ በታች ባዶ ቦታ።
ዓይን በጨፈንኩ ቅጽበት ተከፈተ።
ጠቋሚዋ ብልጭ፣ ድርግም። ብልጭ፣ ድርግም።
እሷ አየችኝ። ለዚህ መለዋወጫ የለኝም።

ግማሹን በዝሎቲ ከፈለች፣
ግማሹን በጨው የተቀመጠ እንጉዳይ ሰጠች።
አሮጌው ዲስክ እኔ ጋ ነው፣ ወረቀት ይጫንልኛል።

በሳምንቱ ደወለች፦
«ፈጣን ነው፣ አልዋሽም» አለችኝ፤
«ግን አበባዬ ጠወለገችብኝ።»