የኦድቫር ሹራብ

ቫድሶ ላይ ታኅሣሥ ነው፤ ቀትሩም ሌሊት ነው።
ራግንሂል የባሏን ሹራብ ዛሬ አጠበችው፤
ዓመት ሙሉ ከወንበሩ አንስታ የማታውቀው፣
የናፍጣ፣ የዓሣ ሽታው ያልለቀቀው።

ማሽኑ ዞረ፣ ዞረ፤ መሃል ላይ ቀጥ አለ፤
በሩ እንደ ተቆለፈ፣ ውሃም እንዳዘለ።
በትንሹ መስኮት ላይ ጽሑፍ በራ፦ «ውልዎ አብቅቷል፤
ለመክፈት የባለቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።»

ደወለች። ትሑት ድምፅ፣ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፤
«ባለቤቱ ማን ናቸው?» ይላል።
«ባለቤቴ ሞቷል።»
«የይለፍ ቃላቸውን ታዲያ ማን ያውቃል?»
«ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ ሙሉውን ከፍለናል።»
«የከፈሉትማ ለብረቱ ነው፣ እመቤት፤
መታዘዙ የኛ ነው» አላት፤
መልካም ምሽትም ተመኘላት።

ሦስት ቀን በመስታወቱ እጅጌውን አየችው፤
ተንሳፎ፣ ነይ እንደሚል ሰው።
በአራተኛው በሩን በጀልባ መንጠቆ ነቀለችው።
ውሃው ወለሉን ሞላ፤ ሹራቡን ጨመቀች፣ አሸተተችው፤
ሽታው የለም።

ሰኞ ማሽኑን ሊያነሡ መጡ፤ ቅጽ ዘረጉላት በር ላይ፣
የማንሻው ዋጋ ከታች፣ የሷ ስም ከላይ።
«እዚህ ጋ» አለ አንዱ፣ እስክሪብቶ አውጥቶ፤
ጣቱ ሥር አንድ ቃል፣ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ፦
ባለቤት።