ገመድ አልባ

ቡሳን፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ከመርከብ ጥገናው ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ነው ሱቄ፤ ሊፍቱ መበላሸት ለምዶ
የሚመጣ ሁሉ ይመጣል ጉልበቱን ለደረጃ ማግዶ።

የምሸጠው ኪቦርድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሙያ የለኝ፤
የቁልፉን ጠባይ የሚሻ ከእንቅልፌ ቀስቅሶ ይጠይቀኝ።
ቀዩ ቅቤ ነው፣ ይሰምጣል፤
ቡናማው እመሃል መንገድ ጎርበጥ ብሎ «ደረስክ» ይላል፤
ሰማያዊው ለፍላፊ ነው፣ ጎረቤት ከእንቅልፍ ያስነሣል።

በዝናብ ቀን ሁለት ገቡ። ሽማግሌው ቾን ይባላሉ፤
ናቢን የልጅ ልጃቸው ነች፤
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ በፈረቃ ይጋራሉ።
እሷ ሌሊት ትዋጋለች፣ በጌም፣ ከአራት ጓዶች ጋራ፤
እሳቸው ጎህ ሲቀድ ይጽፋሉ፣ ስለ አንድ መርከብ፣ ስለ ጥንት ሥራ።
እናትየው የሆስፒታል ተረኛ፣ ከግድግዳው ወዲያ ተኝታ፣
«የሚጮህ ነገር ብታመጡ» ብላለች፣
«በመስኮት ነው የምጥለው፣ አንድ ቃል ሳልናገር፣ በዝምታ።»

ልጅቱ ቀዩን መረጠች፤ «ጣቴ ሳያስብ ይድረስ» አለች፤
አንዲቷን ቁልፍ፣ መሮጫዋን፣ መቶ ጊዜ ነካካች።
ሽማግሌው ሰማያዊውን፤ «ጆሮዬ ከድቶኛል፣ ይሰማኝ፤
ስጽፍ ካልጮኸ ፊደሉ፣ መጻፌን ማን ይሁነኝ እማኝ?»
ፕላስቲኩን ማንም አላየው፤ ሲመቱት ባዶ ጣሳ ነው፤
ዋጋውም እንደ ድምፁ ነው፤ ጥግ የወረወርኩት እኔው።

እኔም የነጋዴ ምላስ! ከመደርደሪያው አናት ላይ
አወረድኩ ውዱን፣ ኩራቴን፤ አካሉ አሉሚኒየም፣ ድንጋይ።
«ቡናማ ነው፣ አስታራቂ፤ ባትሪው ወር ሙሉ ይዘልቃል፤
ካልነኩት ራሱ ያሸልባል፣ ሲነኩት ራሱ ይነቃል፤
ገመድ አልባ!» ብዬ ጨመርኩ፣ ቃሉ እንደ ማር እየጣፈጠኝ።
ሽማግሌው ሳቁ፤ «ልጄ፣ ገመድ አልባ አንተ ልትነግረኝ?»

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ለካ፣ በዓሣ አጥማጅ መርከብ ሆድ ውስጥ፣
በደቡብ ባሕር፣ በረዶ ሲያፋጭ፣ ብረቱ ሲያቃስት፣ ሲናወጥ፣
የሬዲዮ ሰው ነበሩ፤
በአንዲት ቁልፍ፣ በአንድ ጣት፣
ነጥብና ሰረዝ የሚበትኑ በሌሊት።

እጃቸውን ከኪቦርዱ አንሥተው ዝም ብለው ጠበቁ።
ዝናቡን አዩ። እኔን አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።
አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው፣ በአንድ ጣት፣ በዝግታ፣ መቱ፤
የመርከቧን ስም ጻፉበት፤
ስሙ ወጣ ያለ ፊቱ።
የመጀመሪያዋ ፊደል የለችም። ውዱ ኪቦርዴ አሸልቦ
ሲነቃ ውጧታል፣ እንደ ሕፃን፣ ከእንቅልፉ ሲነሣ ተርቦ።

«ይህን አውቀዋለሁ» አሉ፤ «አንድ ሌሊት እኔም አሸለብኩ፤
አንድ ነጥብ፣ አንድ ሰረዝ ያህል።
የሚጣራ መርከብ ነበር፤ ስሙን ከወገቡ ሰማሁት፤
ደግመህ ጥራ ብዬ ለመንኩ።»

«እና?» አልኩኝ። አልመለሱም። ልጅቱ ጃንጥላዋን አነሣች፣
እንደገና አስቀመጠች።

«እንቅልፉን ማጥፋት ይቻላል» አልኩ፣ ድምፄ ሟሙቶ፤
«ባትሪው ግን ይደክማል፤ ወሩ ሳምንት ይሆናል ተበልቶ።»
«የዚያን ጊዜም ዋጋው ይኸው ነበር» አሉ፣ ኪሳቸውን ከፍተው።

የገዙት ፕላስቲኩን ነው፤ ጣሳውን፣ ባለ ቡናማውን፤
ናቢን «እለምደዋለሁ» አለች፣ ዳሰሰችው መሮጫውን።
«ሌሊቱ የኔ ነው፤ ጎህ ሲቀድ አያቴ ይረከበኛል፤
መተኛት ቢያምረውስ ደግሞ በየት በኩል ይተኛል?»
እየሳቀች ወረደች። የእሳቸው እርምጃ ዘግየት ብሎ፣
ደረጃ በደረጃ፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣
እስከ ታች ድረስ ተሰማኝ።

ሱቁን ልዘጋ ስነሣ ውዱ ባንኮኒው ላይ ቀርቷል፤
አናቱ ላይ ያለች መብራት ጠፍታለች፤ ማለትም ተኝቷል።
ቆሜ፣ በአንድ ጣት፣ ስሜን ጻፍኩ።
አየሁት።
አላረምኩትም። ጎዶሎውን እንዳለ ተውኩ።