እንከን

አባቴ ማላኪ ብርሃን ቆራጭ ነበር፣
ከሹር ወንዝ ዳርቻ፣ ከዋተርፎርድ ሰፈር።
ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፣ ዝናቡን እያማ፣
ምሳ ዕቃውን ይዞ ይወርዳል ከተማ።
ድንጋዩ ይዞራል፣ ውሃው ያንጠባጥባል፣
እጁ ከስለቱ በዝምታ ይግባባል።

መጀመሪያ በጥቁር ቀለም
ካሬ በካሬ ላይ፣ እንደ ዓሣ መረብ ያሰምራል፤
ከዚያ ወዲያ ግን ጥልቀቱን
አውራ ጣቱ ብቻ ያውቃል።
ጫን ካለ ይበሳል፤
ሳሳ ካለ ብርሃኑ ይተኛል።
«አባዬ፣ እንዴት ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን።
«በድምፁ ነው፣ ኢታ» አለኝ፤
«ብርጭቆም እንደ ሰው ነው፣
ሲጠግብ ድምፁን ይቀይራል።»

ወንድሙ ኦተራን ነፊ ነው፣ ከምድጃው ጎን የቆመ፣
በረጅም ቧንቧ ጫፍ የማር ቀለም ያላት ፀሐይ የተሸከመ፤
ጉንጩ ወናፍ፣ ቅንድቡ ልብልብ፣
ውሃ የጠጣው የእንጨት ቅርጽ ሲያፏጭ አብሮ የሚያፏጭ።
እሱ ነፍስ ይዘራል፣ አባቴ ፊት ያወጣል፤
ወይን ጠጁን ግን ሌላ ሰው ይጠጣል።
በእኛ ቤት ሻዩ በሸክላ ኩባያ፣
ወተቱም በማርማላታ ጠርሙስ ነበር።

ከቆራጮቹ ጀርባ፣ ከነጭ መብራት ሥር
ሚስስ ኪልቲ ትቀመጣለች፤
ታነሳለች፣ ታዞራለች፣ ታያለች፣
እንከን ካገኘች ከብረት በርሜል ውስጥ ትለቃለች።
ሁለተኛ ደረጃ ብሎ ነገር የለም፤
ወይ ፍጹም ነው፣ ወይ ስብርባሪ።
ስብርባሪውም አያርፍም፣
ነገ ተመልሶ እሳት ገቢ።

ለስንቱ ዋንጫ ነፍስ የዘራ ሰው
በአርባ ስድስት ዓመቱ ትንፋሽ አጠረው።
ማክሰኞ ቀበርነው።
ሐሙስ የመጨረሻ ሥራዎቹ
ከአባቴ ጠረጴዛ ደረሱ፤
በአንደኛው ዋንጫ ገላ ውስጥ
ከሰናፍጭ ቅንጣት የምታንስ አረፋ።
ድንጋዩ ቆመ።
ሠላሳ ዓመት ከዚያ ግቢ ሚስማር ያላነሳ እጅ
ዋንጫውን በዳቦ ጨርቅ ጠቀለለ፣
ምሳ ዕቃው ውስጥ ከተተ፣
ለሚስስ ኪልቲም «ደህና አምሺ» አለ።

መቶ ዓመት ጠፍቶ የነደደ እሳት ነበር፣
ንድፉን ከአሮጌ ወረቀት፣ ከሙዚየም ቁምሳጥን
ለቃቅመው ያስነሱት።
ዳግመኛ ጠፋ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤
ስንቱ ቆራጭ እጁን ኪሱ ከትቶ በወንዙ ዳር አለፈ።
ጎረቤት «ማላኪ ተስፋ ቆረጠ» አለው።
ይሁን፣ ቆርጦ ይሆናል፤
እሱ የቆረጠው ተስፋ ግን
እጅ አያደማም፣ ጠርዙ ልስልስ ነው።

ዘንድሮ፣ ከቀብሩ ማግስት፣ ቤቱን ስናጸዳ
ከዱቄት ቆርቆሮ ኋላ አገኘሁት፤
ግማሹ አልማዝ በአልማዝ፣
ግማሹ ገና ጥቁር መስመር፣
እጁን ባነሳበት፣ እንደዚያው።
አንድ የድሮ ነፊ አየና ሳቀብኝ፦
«አሸዋው ሲቀልጥ መውጫ ያጣ ጋዝ ነው፣
የማንም እስትንፋስ አይደለም።»
አልተከራከርኩትም።

መስኮቱ ላይ አኖረዋለሁ። ዝናቡ ጋብ ሲል
ግድግዳው ላይ በአንድ ወገን ቀስተ ደመና ይረጫል፣
በሌላው ባዶ፣ ከባዶው መሃል አንዲት ነጥብ።
በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ይጮኻል፣
ቀጭን፣ ረጅም፣ ወንዙ ድረስ የሚሄድ ድምፅ።
ድምፁ ያልቃል።
አጎቴ ግን ትንፋሹን ይዟል።