የትንፋሽ ልክ

ከደሴ ስነሣ ጦሳ ጉም ለብሷል፣
ሚኒባሱ ሞልቷል፣ ረዳቱ ይጮኻል፦
«ያ ሣጥን ወንበር ይዟል፣ ሂሳብ ያስከፍላል!»
ጭኔ ላይ አቀፍኩት እንደ አራስ ሕፃን፣
ሐረጎን ወረድን፣ ጠመዝማዛውን።
«ምንድን ነው?» ይለኛል ጎኔ ያለው ሰው።
«ትንፋሽ መለኪያ ነው።»
«አይ ጊዜ!» አለና ራሱን ነቀነቀው፣
«እሱንም በኪሎ ልትሸጡት ነው?»

ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፣
የፈቃድ ደብዳቤ ፋብሪካው በር አሳየሁ።
የሰጡኝ ክፍል የቀሰም ማጎሪያ፣
አንድ አንካሳ ጠረጴዛ፣ አንድ የተሰበረ ማራገቢያ።
እዚያ ተሰለፉ ከፈረቃ ሲወጡ፣
በጥጥ ብናኝ ብዛት ያለ ዕድሜ የነጡ።
«ስም አይጻፍም» አልኩ። ቁጥር ዜሮ አንድ
(በሆዴ ግን ጻፍኩት፣ ትርንጎ ነው ስሟ)
ቱቦውን ገልብጣ አየችው ደጋግማ፦
«ስነፋ ካነሰ ከደሞዜ ይቆረጣል?»
«አይቆረጥም፣ እናቴ።»
«እንግዲያስ ይነፋል።»

ሳቢ። ያዢ። እፍ።
ጠቋሚው ተነሣ፣ ጥቂት መንገድ ሄዶ
ዳገት እንዳቃተው ቀረ እግሩ ከብዶ።
ጥያቄ አሥራ አንድ፦ «ደረትዎን የሚያፍንዎት መቼ ነው?»
ሳልጨርስ መለሰች፦ «ሰኞ ነዋ፣ ሰኞ ነው!»
ሰኞ፣ አለ ሙሄ፣ የፈትል ክፍሉ፣
ሰኞ፣ ሰኞ፣ አሉ ከኋላው ሁሉ።
እሑድ ሲያርፍ የዋለ ደረት
ሰኞ ብናኙ ሲገባበት
ይዘጋል፣ እንደ ባለዕዳ ቤት።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣
ለፈተና ብዬ አንድ ገጽ አጥንቼ።
ብዕሬ ቆመ።
ሰኞ ማታ እኛ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም፣
አባቴን ማንም ሰው ቀና ብሎ አያይም፤
ግድግዳ ተደግፎ፣ ሸሚዙን ፈታቶ
ይቀመጥ ነበረ አፉን እንደ ዓሣ ከፍቶ።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ የቤት ሥራ አልሠራሁ፣
«አባቴም እንደኔ ሰኞን ይጠላል» ስል ተጽናናሁ።

ሁለት ወር ለካሁ። ሁለት መቶ አሥር ሰው።
አማካሪዬ ሰንጠረዡን አይቶ መነጽሩን አወለቀው፦
«ልዩነቱ ጉልህ አይደለም፤
ፈታዩ ከጸሐፊዋ እኩል ነው የሚተነፍሰው።»
እኩል ነው?
ቁጥር አይዋሽም፣ ግን የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው።
የሳለው ወጥቷል፣ ያልሳለው ቀርቷል፣
የቀረውን ለክተን «ደህና ነው» ብለናል፤
መተንፈስ ያቃተው በር ላይ አይሰለፍም፣
ቤቱ ነው፣ ተኝቷል፣ ፎርሙ አያውቀውም።
መስፈርቱ ግልጽ ነው፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት፦
«በሥራ ላይ ያለ» — ከሥሩ አሰመርኩበት።

የዚያን ዕለት ማታ ደሴ ዝናብ ነበር፣
አባቴ ሣጥኑን ሲያይ ቆየ ከአልጋው ዳር።
«የሰውን ሁሉ ለካሽ አሉ። የኔስ?»
«አንተ ጡረታ ነህ አባዬ፣ ናሙናው አይዝህም።»
«ናሙናው?»
ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ተንከባለለ፦
«እሱ ባይዘኝም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ጥጡ ይዞኝ የለ!»

አዲስ የካርቶን አፍ ሰካሁለት።
ሳብ አባዬ። ያዝ። አሁን እፍ በላት።
ጠቋሚው ንቅንቅ አለ፣
እንዲያው ንቅንቅ፣ እንደ ዐይን ሽፋል።
ቱቦው ነው ብዬ አራገፍኩት፤ ደግሞ ይነፋል።
ያው ነው።
«ስንት ሆነ?» አለ፣ አፉን በመዳፉ ጠርጎ።
ለእሱ ፎርም የለኝ፣ መለያ ቁጥር የለኝ፣
በሰንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ የለኝ።
«ልክ ነው» አልኩት።
«ልክ ነው?»
«ልክ ነው፣ አባዬ።»
የምን ልክ እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ደግሞ፣ ሣጥኔን አቅፌ፣
በ«ውስንነት» ርዕስ ሥር አንዲት መስመር ጽፌ፦
«ሥራ የለቀቁ ሰዎች አልተካተቱም፤»
ከዚያ ሰረዝኳት። ሐረጎን እየወረድን ነው።
ሙሄ የለቀቁትን ስም በየሰፈሩ ጽፎ
ቦርከና ድልድይ ላይ ይጠብቀኛል።
ረዳቱ እጁን ዘረጋ፣ ስለ ሣጥኑ አልጠየቀኝም፤
እኔ ግን የሁለት ሰው ከፈልኩ።